ድመቷን አታባርሯት፤ ጥሬ ሥጋውን ተዉት



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ደጋግሞ ይመጣል። «ዶክተር፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። ቤታችን ያለችው ድመትም አርግዛለች። አማቴ 'ድመት ጽንስ ታስወርዳለች፣ አውጥተሽ ጣያት' ይሉኛል። ምን ላድርግ?» ከወረታ ይጠይቁኛል፣ ከወንዛዬ አካባቢ ይጠይቁኛል፣ ከአዲስ አበባም እንዲሁ።

አጭሩ መልሴ፦ አትጣያት። ምክንያቴን ላስረዳ።

የአማትየው ፍርሃት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ አምጪው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ሰገራ ይወጣል። አንዲት ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱ ሊወርድ፣ ወይም ሕፃኑ ዓይኑና አንጎሉ ተጎድቶ ሊወለድ ይችላል። ይህን አላቃልለውም።

ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው እንየው። ድመት ተሕዋሱን የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘች ሰሞን፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ብቻ ነው። ሰገራውም በወጣበት ሰዓት አያስይዝም፤ ተሕዋሱ ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጠረግ መጸዳጃ ስጋቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በሌላ በኩል ያው ተሕዋስ በሥጋ ውስጥ፣ በተለይ በበግና በፍየል ሥጋ፣ ተደብቆ ይቀመጣል። እኛ ታዲያ ድመቷን በዱላ አባረን ስናበቃ ለነፍሰ ጡሯ «ደም ይሆናታል» ብለን ጥሬ ወይም ለብለብ ሥጋ እናቀርባለን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የምልሽ ይህን ነው፦ ሥጋውን በደንብ አብስለሽ ብዪ። ሰላጣና ጎመን በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢ። የድመቷን መጸዳጃ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረግ፤ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጊና እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። አፈር ነክተሽም እንደዚሁ። የእርግዝና ክትትልሽን አታቋርጪ።

«ለጥንቃቄ ብትባረር ምን ይጎዳል?» የሚለኝ አይጠፋም። ይጎዳል። ፎገራ የሩዝ አገር ነው፤ ጎተራና ጆንያ ባለበት አይጥ አለ። ድመቷ ስትሄድ ቀጥሎ የሚገዛው የአይጥ መርዝ ነው፣ ያውም ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ። ድመቷም ብትሆን ርቃ አትሄድም። ጓሮ ወይም ጎተራ ስር ትወልዳለች፣ ሰገራዋንም ማንም በማይጠርግበት ጎመን መደብ ውስጥ ትቀብራለች። ግልገሎቹ ሰው ሳይለምዱ፣ ክትባት ሳያገኙ ያድጋሉ። ከዚያ የሰፈር ልጆች ሊይዟቸው ሲሯሯጡ ይነከሳሉ። ቤት ውስጥ በሥርዓት የተያዘች ድመት ከዚህ ሁሉ ትሻላለች።

በሥርዓት መያዝ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ላስቀምጥ።

1. ምግብ፦ ድመት የምታረግዘው 9 ሳምንት ገደማ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታትና በምታጠባበት ጊዜ ከወትሮው በጣም ትበላለች። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ሰው ቢጾም እሷ አትጾምም። እንጀራ በሽሮ ብቻ ያከረማት ድመት ደካማ ግልገል ትወልዳለች። እሾሁ የወጣ የተቀቀለ ዓሣ፣ የበሰለ ሥጋ ወይም እንቁላል ስጧት። የወጥ ትርፍ ግን አይሁን፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ደም ይጎዳል። ውሃ ሁልጊዜ ይኑራት።

2. ማረፊያ፦ ጭር ባለና ነፋስ በማይገባበት ጥግ ካርቶን አዘጋጁላት። ከስር የሩዝ ገለባ፣ ከላይ ንጹሕ አሮጌ ነጠላ በቂ ነው።

3. ምጥ፦ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትወጣዋለች። እትብቱን ትቆርጣለች፣ የእንግዴ ልጁን ልትበላውም ትችላለች፤ አትደንግጡ፣ አትጎትቱ። ነገር ግን አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት ከሞላትና ምንም ካልወጣ፣ ወይም ብዙ ደም ካያችሁ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።

4. ግልገሎቹ፦ ሲወለዱ 100 ግራም አካባቢ ናቸው፤ ዓይናቸው የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም፤ የሚገድላቸው ብርድ ነው። እናታቸው ለጥቂት ጊዜ ብትርቅ «ጥላቸው ሄደች» ብላችሁ አትሸከሟቸው፤ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። በእርግጥ ከሞተች ግን መጀመሪያ አሙቋቸው፤ ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና አጠገባቸው አድርጉ። የቀዘቀዘ ግልገል አይመገብም። የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል፤ ለግልገል የሚሆነውን ወተት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ስታጠቡም በሆዳቸው አስተኝታችሁ እንጂ በጀርባቸው አይሁን፤ ወደ ሳንባቸው ይገባል።

5. መድኃኒት፦ የሰው መድኃኒት በፍጹም! አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል። የሆድ ትል መድኃኒት ለእናትም ለግልገልም ያስፈልጋል፤ ትሉ ወደ ልጆቻችሁም ይተላለፋልና። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን።

ግልገሎቹ ጥሬ ሥጋ መብላትና አይጥ ማደን ሲጀምሩ ግን ተጠንቀቁ። ቶክሶፕላዝማ ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው ያኔ ነው። ነፍሰ ጡሯ በዚያ ሰሞን ከመጸዳጃቸው ትራቅ።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ግልገሎቹን በጆንያ አስሮ ወንዝ መጣል፣ ወይም ገበያ ዳር ለቆ መሄድ ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ነገር የምናየው ጉዳይ ነው። ጭካኔ ነው፤ መፍትሔም አይደለም። እናቲቱ ገና እያጠባች እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላ ጆንያ ይፈለጋል። ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናታቸው ጋር ይቆዩ፣ ከዚያ አይጥ ላስመረረው ጎረቤት ስጡ። 3 ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተቡ። እናቲቱን ማምከን ከተቻለ ደግሞ ነገሩ ከሥሩ ያልቃል። በአቅራቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ኬላ ጠይቁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው።

ክትባቱን በቀላሉ አትዩት። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል። በብዛት የሚመጣው ከውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ልጃችሁን ድመት ከነከሰችው ወይም ከቧጨረችው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጸበሉም ጸሎቱም ይኑር፤ ክትባቱ ግን አይቅር።

ለእኔ በአንድ ቤት ሁለት ነፍሰ ጡሮች መኖራቸው ችግር አይደለም። ችግሩ አንዷን አባረን ሌላዋን የጠበቅናት የሚመስለን ጊዜ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ይህን ጽሑፍም ሼር አድርጉ፤ ለአማቶች ደግሞ አንብቡላቸው።