በመስኮት ያልገባ ብርሃን

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው አውራ ጎዳና በሚያልፍባት በጅጋ፣ እንዲሁም በቡሬና በዙሪያዋ፣ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ዛሬ ዛሬ መሠረቱ ሳይቆፈር የሳሎኑን መልክ በኮምፒዩተር ተሥሎ ማየት ይሻል። ይህን ሥዕል በብሌንደር ወይም በስሪ ዲ ማክስ የሚያዘጋጁትን ወጣቶች ትጋት አልነቅፍም፤ የምነቅፈው፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ የሚታይ ክፍል ሬንደር ሲደረግ፣ ማለት በስሌት ሲሣል፣ ፊቱን የሚሸፍነውን ነቁጥ፣ እነርሱ ኖይዝ የሚሉትን፣ እንደ እድፍ ብቻ ቈጥሮ፣ በማናቸውም መንገድ ከተወገደ ሥዕሉ ጸዳ የሚለውን፣ በሙያው ዘንድ እንደ ቀኖና የጸናውን አስተሳሰብ ነው።

ጄምስ ካጂያ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ባቆመው ሥርዐት መሠረት፣ ስሌቱ ጨረርን ከተመልካቹ ዓይን አስነሥቶ ወደ ክፍሉ ይልካል፤ ጨረሩም ከግድግዳ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ጣራ በዕጣ እየተመራ ይነጥራል፤ ብርሃን የሚያገኘው ዕጣው በመስኮቱ አሳልፎ ወደ ሰማይ ያወጣው እንደ ሆነ ነው። ጎኑ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል ወለሉ፣ ጣራውና ግድግዳው ተደምሮ 80 ካሬ ሜትር ነው፤ መስኮቱ 1 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በየንጥረቱ ወደ ውጭ የሚወጣው በአማካይ ከ80 ጨረር አንዱ ብቻ ይሆናል። ያ አንዱ የሰማይን ጸዳል ተሸክሞ ሲመለስ የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉና፣ አንዱ ነጥብ ሲያበራ አጠገቡ ያለው ይጨልማል። እንግዲህ ነቁጡ ስለ መስኮቱ ጥበት የቆመ ምስክር ነው። ይህን ምስክር በጨረር ብዛት ብቻ ዝም ማሰኘት ብርቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ነቁጡን በግማሽ ለመቀነስ ሳምፕሉን፣ ማለት በየነጥቡ የሚላከውን የጨረር ቍጥር፣ አራት እጥፍ ማድረግ፣ ከ500 ወደ 2000 ማውጣት ያስፈልጋልና።

ከዚህ ድካም የሚያሳርፍ መስሎ የመጣው፣ ነቁጡን ከተሠራው ሥዕል ላይ የሚጠርገው ዲኖይዘር ነው። ኢንቴል በነፃ ያደለው ኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝ እ.ኤ.አ. በ2019 በብሌንደር 2.81 ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ነገሩ ሁሉ አንዲት ምልክት ከማድረግ የማያልፍ ሆኗል። መሣሪያው የዕቃውን ቀለምና የገጹን አቅጣጫ የሚያስረዱ ረዳት ምስሎች ሲሰጡት የምንጣፉን ጥለት በሚገባ ይጠብቃል፤ ስለ ጥላ የሚነግረው ረዳት ግን የለውም። ስለዚህ በጥቂት ሳምፕል ላይ ሲታዘዝ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ በወለሉ ላይ የሚጥለውን ጥላ፣ ከቁም ሣጥኑ ሥር እየሳሳ የሚሄደውንም ጽልመት፣ አይጥ የበላውን ብራና ከሌላ ቅጂ ሳያመሳክር ከልቡ እየሞላ እንደሚገለብጥ ጸሐፊ በግምት ይሞላዋል፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ንባቡ ግን የመጽሐፉ አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ክላምፕ የሚሉት ነው። እጅግ የደመቁትን ነጥቦች ከወሰን በላይ እንዳይወጡ ይቈርጣቸዋል፤ ነገር ግን በመስኮት በሚበራ ክፍል ብርሃኑን ተሸክመው የመጡት እነዚያው ናቸውና፣ ክፍሉ ከእውነቱ ይልቅ ይጨልማል። ሠዓሊውም በገዛ እጁ የቈረጠውን ለመተካት ከጣራው ሥር ስውር መብራት ያኖራል! ነቁጡ ጠፋ፣ ሳሎኑም በራ፤ የቤቱ ባለቤት ግን ሰማይ ያልሰጠውን፣ መስኮቱም ያላስገባውን ብርሃን አይቶ ገንዘቡን ያወጣል። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ በጭቃ ብቻ የተለሰነ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ10 እጅ 3ቱን ያህል ቢመልስ ነው፤ በኖራ የነጣው ግን 8ቱን ያህል ይመልሳል። ስውሩ መብራት ይህን ልዩነት ስለሚሸፍንበት፣ ባለቤቱ ግድግዳውን ማንጣት መስኮት ከማስፋት ምን ያህል እንደሚቀልለት ሳያውቅ ይቀራል።

የሥዕሉ ፀሐይም ብትሆን ሐሰት ትናገራለች። ጅጋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10ኛውና በ11ኛው ዲግሪ መካከል ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ለአውሮፓ ሰማይ በተዘጋጀ ፋይል ላይ የተሠራ ሥዕል በሐምሌ ቀትር በደቡብ መስኮት ፀሐይ ቢያስገባ፣ ምንም ያህል የጸዳ ቢሆን ስለ ጅጋ የሚነግረን ነገር የለም።

ኮምፒዩተሩ ደካማ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ ደንበኛው ለነገ ይጠብቃል የሚለውን አቤቱታ አልንቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ የተለፋበት ሬንደር ንጋት ላይ መብራት ሲሄድ ከንቱ መቅረቱ እውነተኛ ሐዘን ነው። ነገር ግን ከመጥረግ በፊት የሚደረግ፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ሥራ አለ። ብሌንደር ከ2.75 ጀምሮ፣ ማለት ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በመስኮቱ ክፍተት ላይ ፖርታል ማኖርን ይፈቅዳል፤ ይህም ብርሃን አይጨምርም፣ ዕጣው ወደ ሰማዩ በየት በኩል እንደሚወጣ ብቻ ያመለክታል። ጨረርን የሚያሰናክለውን የመስኮት መስታወትም፣ እንደ እውነተኛው ነጠላ መስታወት ከ10 እጅ 9 ያህሉን በቀጥታ በሚያሳልፍ ግልጽ ገጽ መተካት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ለሚቀረው ጥቂት ነቁጥ ዲኖይዘር ቢጠራ ማንም አይቃወምም፤ ስምንት ሐሰተኛ ሥዕሎች ከሚሰጡም ሁለት የታመኑ ይሻላሉ።

ቤት የምታሠሩ ወገኖች ሆይ፣ የሳሎናችሁን ሥዕል ስትቀበሉ የየትኛው ወርና የስንት ሰዓት ፀሐይ እንደ ሆነ፣ ግድግዳው በምን እንደ ተለሰነ፣ ከጣራው ሥርም የተሰወረ መብራት አለመኖሩን ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁም ቀብዱን አትክፈሉ።