ለልጃችሁ ክራር የቱ አምፕሊፋየር?

ለገዳዲ ባለው ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ክራር የሚለማመድ ልጅ ካለ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «አምፕ ላምጣለት?» ማለቱ አይቀርም። እሺ ከማለታችሁ በፊት ዓይነቱን ጠይቁ።

አንደኛው እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች አሉት፤ የድሮዎቹ ትልልቅ ሬዲዮኖች በዚህ ይሠሩ ነበር። ሌላው የትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ ውስጥ ከተፈለሰፈ በኋላ ቱቦን ከሬዲዮ አስወጣው፤ ከጊታር አምፕ ግን ሊያስወጣው አልቻለም። ቱቦ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሻክራል፣ ይወፍራል። ጊታሪስቶች የሚወዱት ይህንኑ ነው። ትራንዚስተር ግን ድንገት ይሰነጠቃል።

ክራር ሌላ ነው። አምስት ወይም ስድስት አውታሮቹ እያንዳንዳቸው ጥርት ብለው መሰማት አለባቸው፤ ስለዚህ እኔ ትራንዚስተሩን እመርጣለሁ። ብዙ የአሜሪካ ስቲል ጊታር ተጫዋቾችም የፒቪን ትራንዚስተር አምፕ የወደዱት ለዚሁ ጥራት ነው። (ቱቦ የሚጥመው ድምፁ ከፍ ሲል ነው፤ ጎረቤትም ይታሰብ።)

ከድምፁ በላይ የሚያሳስበው ግን መብራቱ ነው። ለአሜሪካ የተሠራ አምፕ 120 ቮልት ይፈልጋል፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። መብራት ሲሄድም ንቀሉት፤ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። የቱቦው አምፕ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፤ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል ልጁ ክዳኑን በፍጹም እንዳይከፍት።

ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት ከአምፑ ጀርባ ወይም ከአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። «100-240» የሚል ከሆነ መቀነሻ አያስፈልገውም።