ክልከላው ያረዘመው ዕድሜ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ለተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ሲናገሩ፣ አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር የምንኖር የአሮጌ ላንድክሩዘር ባለቤቶች መጀመሪያ “አበቃልን” አልን። ጥቂት ቆይተን ደግሞ “ተወደድን” አልን። ልክ የነበርነው በሁለተኛው ነው።

የሚገባው ሲቀር ያለው ይከበራል። ቀድሞም የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስመጣትን ኪስ የሚያራቁት ነገር አድርጎት ነበር። ሁለቱ ተደራርበው ያመጡት ውጤት ከታሰበው ተቃራኒ ነው፤ እዚህ ያለችው አሮጌ መኪና እንዳትሞት አደረጓት። ኩባን ያየ ይህን ያውቀዋል። ከ1959 (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ የአሜሪካ መኪና መግባቱ ሲቆም የሃቫና ሰው ያለውን እየጠጋገነ፣ የሩሲያ ሞተር እየገጠመ፣ የ1950ዎቹን ሼቭሮሌ እስከ ዛሬ ይነዳል። እኛ ድሮም መኪና ለልጅ የምናወርስ ሰዎች ነን፤ አሁን ሕግ አገዘን።

የእኔዋ ሃርድቶፕ ናት። ቶዮታ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ማምረት ከጀመረው፣ ዛሬም ካላቆመው 70 ከሚባለው ዘር ነች። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ወጥታ በሰው እጅ ስትዞር ነው እኔ ጋ የደረሰችው፤ የተፋቀው አርማ ጥላ በሯ ላይ አሁንም ይታያል። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው። ባትሪው የደከመ ቀን አፍንጫዋን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ አዙሬ፣ ቁልቁለቱን ለቅቄ በማርሽ አስነሳታለሁ። የሰፈራችን ዳገት ለእግረኛ ፈተና ነው፤ ለእኔ ግን ሁለተኛ ሞተሪኖዬ ነው።

ኮረኮንች ላይ ባሌስትራዋ ወገብ ይቆርጣል። ጠባብ መንደር ውስጥ ለመዞር ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ማለት ግድ ነው። ናፍጣ ስትጠጣ ደግሞ አታፍርም፤ መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ማደያ ስገባ ሰልባትዮውን “ሙላው” ማለት ትቻለሁ። ታዲያ ለምን አልሸጣትም? የእድራችን ድንኳንና ወንበር የሚጫነው በማን ሆነና! በመስከረም ግሸን ልሳለም የሚል ጎረቤት የሚያየው ፖርቶ መጋላዋን ነው። ወደዚያ የሚወስደውን የአምባሰልን አቀበት በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና እሞክረዋለሁ የሚል እስካሁን አልመጣልኝም፤ ቢመጣም ቻርጅ የሚያደርግበትን እሱ ራሱ ይንገረኝ።

ኤሌክትሪኩን እየጠላሁ አይደለም። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የራስን ኃይል ትቶ ከጅቡቲ በቦቴ የሚጓዝ ነዳጅ በዶላር መግዛት ሞኝነት ነው። ቸኩሎ የሚያስብ ሰው ግን የሚያየው ግቢና ጋራዥ ያለውን ቪላ ነው። አፍንጮ በር በቀበሌ ቤት የሚኖር፣ ቆጣሪውን ከጎረቤት ጋር የሚጋራ፣ መኪናውን በር ላይ የሚያቆም ሰው ገመዱን በየትኛው የሰው ደጃፍ አሳልፎ ይዘርጋ? ቆጣሪው ላይ የሚነሳውንስ ጠብ ማን ያስታርቅ?

እዚህ አገር አሮጌ ላንድክሩዘርን በሕይወት ያቆያት ግን ብረቷ ብቻ አይደለም። መካኒኬ ሞተሩ ላይ ካቻቢቴ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ከዚያ “ሦስተኛው ኖዝል ነው” ይላል። ሲፈታ ሦስተኛው ኖዝል ይሆናል። አንድ ቀን “ጋሼ፣ እንዲያው ስንት ዓመት ትኖራለች?” ብለው “እሷን ነው ወይስ እኔን?” አለኝ። ሳቅን፤ ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። መለዋወጫ መርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም፤ ተገልብጣ የታረደች ላንድክሩዘር አንዷ ካምቢዮ፣ አንዷ ዲፈረንሻል፣ አንዷ በር ትሰጣለች። የማይገኘው ጆሮው ነው። ወጣቶቹ ረዳቶቹ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደዋል፤ አልፈርድባቸውም፣ እንጀራው እዚያ ነው።

ከላንድክሩዘር ዘመን በፊትም መንገድ ባልነበረበት መንዳት ለዚህ ከተማ እንግዳ አልነበረም። ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ በቆመበት ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ በበረሃና በገደል አሻግሮ ለአፄ ምኒልክ አድርሷል። ምን ያህሉን መንገድ ነዳት፣ ምን ያህሉን ሰውና ከብት ጎተታት የሚለውን ለታሪክ ሰዎች ልተወው።

አሁን ግን የማልወደውን ልናገር። ዳገቱን ወደ ስድስት ኪሎ ስንወጣ ከኋላችን የምንተወውን ጭስ እናውቀዋለን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አፍንጫውን በነጠላው ወይም በደብተሩ ሲሸፍን በስፖኪዮ ይታያል። ፒያሳ ተለውጣለች፤ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ሰው በብዛት በእግሩ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሰው የእኛን ጥላሸት የሚተነፍስበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ መኪናዎቹ አይጠፉም፤ ይህን መቀበል ይበጃል። ክልከላው ዕድሜያቸውን ካረዘመ በየዓመቱ የሚመረምራቸው ዓይንም መጥናት አለበት። ቦሎ ማለት ዛሬ ለብዙ ሰው መስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሆኗል። መኪናው ጋራዥ ቆሞ ቦሎው ቤት መጣ የሚባል ወሬ ያልሰማ ሾፌር የለም፤ ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ረፋዱ ላይ አራት ኪሎ አደባባይ የቆመ ሰው ምን ዓይነት ጭስ የምርመራ ፈቃድ እንዳለው በዓይኑ ያያል። ፍሬናቸው ደክሞ ቁልቁለት የሚወርዱትንም እንዲሁ።

ስለዚህ ለትራንስፖርት ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አሮጌ ናት ብላችሁ አትከልክሏት፣ ለገጠሩ መንገድና ለእድሩ ታስፈልጋለች። ጭሷንና ፍሬኗን ግን በመሣሪያ ለኩ፤ ያላለፈች ፖምፓዋን አስተካክላ፣ ኖዝሏን ቀይራ ትመለስ። መካኒኮቹ ጡረታ ሳይወጡ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ገብተው እንዲያስተምሩ አድርጉ፤ ዲፕሎማ የላቸውም ብላችሁ በር ላይ አትመልሷቸው። ለባለቤቶችም፦ ናፍጣ የምንቀዳበት ገንዘብ ካለን ኖዝል የምናስጠርግበት አይጠፋም። የእኔዋ ቀጠሮ ሐሙስ ነው።