አገራችንን እንወቅ፦ አሶሳና ሼህ ሆጀሌ

ከገነተ ማርያም ተነሥቶ ለጉዳይ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ የሄደ ሰው አሶሳን ያውቃታል። አባይን ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። መንገዱ ረጅም ነው፤ የሄደበት ያውቀዋል። ዛሬ ስለዚህች ከተማ እንጽፋለን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

አሶሳ ያለችው በበርታ ሕዝብ አገር ነው። በዚያ አገር ወርቅ አለ። ወርቁ የሚገኘው ከአሸዋና ከአፈር ጋር ተደባልቆ ነው። ሰዎች አፈሩን ቆፍረው በገበቴ ያደርጉታል። ውኃ ጨምረው ያዞሩታል። አሸዋው ቀላል ስለሆነ ከውኃው ጋር ይፈስሳል። ወርቁ ከባድ ነውና ከታች ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ውሎ የሚገኘው አንዳንዴ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ዛሬም እንዲህ አድርገው ወርቅ የሚያጥቡ አሉ።

ይህን ወርቅ ብዙ ሰው ተመኝቶታል። የግብጹ ገዥ መሐመድ አሊ ሱዳንን የወጋው ወርቅና ባሪያ ፈልጎ ነው። ይህ የሆነው ከ200 ዓመት በፊት ነው። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በራስ መኰንን የሚመራ ጦር ላኩ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራርመው የሱዳንን ወሰን ለዩ። አሶሳ በኢትዮጵያ በኩል ሆነች።

በዚያን ዘመን የአሶሳ ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነበሩ። ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ዓመታት ታሰሩ። ኋላ ግን ተፈቱ፤ ሹመትም አገኙ። ለቤተ መንግሥት የሚገብሩት ወርቅ ነበር። ብልህ ሰው ነበሩ መሰለን፤ ከእስር ወጥቶ እንደዚያ መክበር ቀላል አይደለም። በአዲስ አበባም ትልቅ ቤት ሠሩ። ሸጎሌ የሚባለውን ሰፈር ታውቁት ይሆናል። ስሙ የመጣው ከሼህ ሆጀሌ ነው ይባላል። ሼሁ ያረፉት ጣልያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ዘመን ነው።

ታዲያ ይህ ሀብት ከየት መጣ? ከወርቁ ብቻ አይደለም። ሰውም ይሸጥ ነበር እኮ! የሼሁ ባለቤት ሲት አምና ይባላሉ። ከወሰኑ ማዶ፣ በሱዳን በኩል ይኖሩ ነበር። በባሪያ ንግድ ምክንያት እንግሊዞች ያሰሯቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በ1916 ዓ.ም.፣ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ስንት ሰው በመካከሉ ተሸጠ! የሼሁ ስም በመጽሐፍ አለ። ከበርታ፣ ከማኦ፣ ከኮሞ፣ ከጉሙዝ መንደር የተወሰዱት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም።

በቤታችሁ ይህን ዘመን ከአባት ከእናቱ የሰማ አዛውንት አለ ወይ? ጠይቁትና የነገራችሁን ጻፉልን። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ፊደል ቢሳሳት አትፈሩ፤ እኛ እናርመዋለን።