ሽማግሌው ነቢይ ባሳተ ጊዜ

ሊቃውንት በነገሥት ሣልስ፣ ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ያለው ኅትመት ግን በቀዳማዊ ነገሥት 13ኛው ምዕራፍ የሚያነቡት የአንድ ስሙ ያልተጠራ የእግዚአብሔር ሰው ታሪክ፣ በመጨረሻው ከሚመጣው አንበሳ ይልቅ በመካከል በሚገባው ሽማግሌ ምክንያት ያስፈራኛል። ይህ ሰው ከይሁዳ ወደ ቤቴል ተልኮ በንጉሥ ኢዮርብዓም ፊት መሠዊያውን ሲገሥጽ፣ በዚያ ስፍራ እህል እንዳይቀምስ፣ ውኃም እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ታዝዞ ነበርና፣ ንጉሡ ከቤቱ ገብቶ እንዲያርፍ ሽልማትም እንዲቀበል ሲለምነው እምቢ ብሎ ሄደ። ቤተ መንግሥት ያልረታውን ሰው የረታው ግን አህያውን አስጭኖ የተከተለው፣ እርሱም ነቢይ መሆኑን ነግሮ፣ መልሰህ አብላው ብሎ መልአክ እንደ ተናገረው በሐሰት ያስረዳው ባለ ሽበት የሙያ ባልደረባው ነበረ። የእግዚአብሔር ሰው ተመለሰ፤ በላ፤ ጠጣ፤ በመንገድም አንበሳ ሰበረው።

የጥሪ ፈተና እንዲህ ነው። ጠላት ጠላት ሆኖ ሲመጣ መለየት ቀላል ነው፤ ከባዱ ክቡር ሰው ክቡር ቃል ይዞ፣ መስቀል ወይም መሐላ አስቀድሞ የመጣ እንደ ሆነ ነው። ይህንንም ለማየት እስከ ቤቴል መሄድ አያስፈልግም፤ ከመንዝ ገደል እስከ መርሐቤቴ ቆላ፣ ከዚያም ጀማን ተሻግሮ እስከ ሰላሌ ድረስ ያለው የሸዋ ምድር በአምስቱ የጠላት ወረራ ዓመታት የሆነበትን ማስታወስ ይበቃል።

ፍቼ ተወልደው በደብረ ሊባኖስ ያደጉት አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሲሆኑ፣ ጳጳስ ዘምሥራቅ ኢትዮጵያ ተብለው ወሎንና መንዝን ተቀብለው ነበር። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ሲነሡ፣ ጳጳሱ ከልዑል ራስ ካሣ ልጅ ከደጃዝማች አበራ ሠራዊት ጋራ ሆነው ገሠገሡ፤ ጥቃቱ ግን ሳይቀናጅ ቀርቶ፣ የክረምቱም ዝናብ ተጨምሮበት ከሸፈ፤ እሳቸውም በጠላት እጅ ወደቁ። በችሎቱም ፊት የቀረበላቸው ጥያቄ የሽማግሌው ነቢይ ጥያቄ ነበረ ብል ነገሩን አላጋነንኩም፤ የበላያቸው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስና ብዙ መኳንንት የኢጣሊያን መንግሥት ተቀብለው ሳለ እሳቸው ብቻ ስለ ምን ያምፃሉ የሚል ነበረና። ጳጳሱም ቄርሎስ ግብፃዊ በመሆናቸው ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ የሚያገባቸው እንደሌለ፣ እሳቸው ግን ኢትዮጵያዊና ለቤተ ክርስቲያናቸው ኃላፊ እንደ ሆኑ መመለሳቸው ይነገራል። የሚገርመኝ ድፍረታቸው ብቻ አይደለም፤ የማዕርግን ክብር ከእውነት ክብር ለይተው ማየታቸው ነው፤ ለመነኩሴ፣ በመታዘዝ ሥርዓት ላደገ ሰው፣ ከዚህ የሚከብድ ነገር አይገኝምና። ሐምሌ 22 ቀን ተረሸኑ።

ማስጠንቀቂያ ማለት እንግዲህ ይህ ነበረ፤ በሹክሹክታ የተላለፈ ሳይሆን በአደባባይ በደም የተጻፈ። ይሁን እንጂ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጠላት በልዑል ራስ ኃይሉ ሽምግልናና በኢጣሊያው ጄኔራል ትራኪያ ቃል ኪዳን አማካይነት ደጃዝማች አበራንና ወንድማቸውን ደጃዝማች አስፋወሰንን ሕይወታችሁ አይነካም ብሎ አግባባቸው፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እጃቸውን በሰጡበት በፍቼ ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ መታያ ሆነ። በእነዚህ ወጣት መሳፍንት ላይ ለመፍረድ ብዕሬ አይደፍርም፤ ጥይትና ስንቅ ላለቀበት፣ ሕዝቡ ሲቃጠል ለሚያይ አዛዥ የሰላም ቃል ምን ያህል ጣፋጭ እንደሚሆን ከሞቀ ቤት ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው አያውቀውምና። መሐላውን ያደረሰው ሰው ታላቅ መስፍን መሆኑ ግን ቃሉን እውነት አላደረገውም። የአበራ ባለቤት ልዕልት ከበደች ሥዩም ከባላቸው ሞት በኋላ ጦር መርተው መዋጋታቸው፣ ከጠላት መሐላ ምን እንደሚገኝ የተረዱ መሆናቸውን ያሳያል።

የጠላት ምሕረት ምን እንደ ሆነ ከዚያ ወዲህም ታየ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በኢጣሊያው ጄኔራል ማሌቲ ጦር ሲጨፈጨፉ፣ ለጊዜው የተረፉት ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው ከጥቂት ቀን በኋላ እንጌጫ በተባለው ቦታ ተረሸኑ። በመንዝም በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ከአርበኛው ከተሾመ ሸንቁጥ ጭፍራ ጋራ የተጠለሉት ሰዎች በመርዝ ጋዝ ከተመቱ በኋላ፣ እጃቸውን ሰጥተው የወጡት ወንዶች በመትረየስ ተረሸኑ። ተሾመ ጥቂቶችን ይዞ በሌሊት ሾልኮ አመለጠ።

እዚህ ላይ አንባቢ የሸዋውን አርበኛ ራስ አበበ አረጋይን ጠቅሶ ሊሞግተኝ ይችላል፤ እሳቸው በ1932 ዓ.ም. ከጠላት ጋራ ሲደራደሩ፣ እገባለሁ እያሉ ጊዜ ሲገዙ አልነበረምን? ነበሩ። ነገር ግን ራስ አበበ የጠላትን ቃል ሰሙ እንጂ አላመኑትም፤ ከተጠሩበትም ነገር አልተናወጡም። ልበ ብልህነትና ታዛዥነት እንደማይጣሉ ወንጌልም ርግብና እባብን ባንድ ላይ ጠርቶ አስተምሮናል። የእግዚአብሔር ሰው ጥፋት ሽማግሌውን ማነጋገሩ ሳይሆን፣ ራሱ የሰማውን የመጀመሪያ ቃል ሌላው ሰማሁ ባለው መለወጡ ነው።

ዛሬ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ጄኔራል ትራኪያ የለም፤ ሽማግሌው ነቢይ ግን በሌላ ልብስ ይመላለሳል። ከየትኛው ገዳም እንደ ወጣ፣ አበ ምኔቱ ማን እንደ ሆነ የማይታወቅ ባሕታዊ ነኝ ባይ ሰንሰለት ለብሶ በገበያ ቀን ይመጣል፤ መልአክ ታየኝ፣ ጠበል ሊፈልቅ ነው ይላል፤ ስብከቱ በስልክ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ በመጨረሻም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይከተላል። አርባ ዓመት በአንድ ደብር የቀደሰው የነፍስ አባት ልጆቼ ተጠንቀቁ ሲል፣ ቀንቶ ነው ይባላል። በሬውን ሸጦ ለእንዲህ ያለው ሰው የሰጠ ገበሬ፣ ትምህርቷን ትታ ተከትላው የጠፋች ልጅ በየወረዳው የሚወራላቸው ናቸው። ሞኞች ብለን ብንስቅባቸው ግን ፍርዳችን ትክክል አይመስለኝም፤ የተታለሉት ሃይማኖት ስለሌላቸው ሳይሆን ስላላቸው ነውና። ጥፋቱ የሚበዛው በእኛ፣ ማለትም ነገሩን እያወቅን ባሕታዊን መመርመር ኃጢአት ይመስል ዝም በምንለው ላይ ነው።

ስለዚህ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤና ካህናት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እማፀናለሁ፤ ራእይ አየሁ ብሎ ወደ ደጀ ሰላሙ የሚመጣውን ሁሉ፣ ሽበቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከገዳሙና ከሀገረ ስብከቱ የተጻፈ መሸኛ ሳያሳይ በዐውደ ምሕረት እንዳይቆም ያድርጉ። ምእመናንም የነፍስ አባታቸው ሲያስጠነቅቃቸው፣ ከመቆጣታቸው በፊት እንግዳውን ማን እንደ ላከው ይጠይቁ።