«የኛ ሐዘን አይደለም» ለሚሉን

ውድ የሮቫ ቴት ወላጆች፣

የሄሽቫን ወር 12ኛው ቀን ሲደርስ ልጆቻችን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። «የማን ተዝካር ነው?» ስንላቸው «የራቢን» ይሉናል። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ብድግ ብሎ «ተዉት፣ የነሱ የፓርቲ ጠብ ነው፤ የኛ ሐዘን አይደለም» ይላል። ይህን ሰምተን ዝም ማለት አልቻልንም።

ይስሐቅ ራቢን በ1922 በኢየሩሳሌም ተወለዱ። በ1948ቱ ጦርነት በ26 ዓመታቸው የሐርኤልን ብርጌድ አዘዙ፤ በ1967 የጦሩ ኤታማዦር ሹም ነበሩ። ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ የመከላከያ ሚኒስትርነቱንም ደርበው ያዙ። በ1993 ከፍልስጤሞች፣ በ1994 ከዮርዳኖስ ጋር ተፈራረሙ። ኖቬምበር 4 ቀን 1995፣ ቅዳሜ ማታ፣ በቴል አቪቭ ከሰላም ሰልፍ ሲመለሱ አንድ አይሁዳዊ የሕግ ተማሪ ተኩሶ ገደላቸው።

ቤተ እስራኤል የመመለስ ሕግ ይመለከታቸዋል የተባለው በ1975፣ በእሳቸው የመጀመሪያ መንግሥት ጊዜ ነው። ብቻቸውን አላደረጉትም፤ ሽማግሌዎቻችን ለዓመታት ጮኸዋል፣ ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍም በ1973 ፈርደውልናል።

«ሁለተኛው መንግሥታቸውስ?» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። በ1993 በሚኒስትር ያኢር ጻባን የተመራው ኮሚቴ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ይጠብቁ ለነበሩት በመመለስ ሕግ በሩን አልከፈተም፤ ለጥቂቶች ብቻ በቤተሰብ ማገናኘት ስም መግቢያ ሰጠ። በቅርብ ዓመታት ከገባችሁት ውስጥ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወላጅና ልጅ ተለያይቶ የኖረ ስንት አለ! ይህን አንሸፍንም።

ነገር ግን በዚህ የተቆጣ ሰው ምን ያደርጋል? በኢየሩሳሌም በመንግሥት ደጅ የዘመዶቹን ፎቶግራፍ ይዞ ይቆማል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በምርጫ ቀን ይቀጣል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሚኒስትር በጥይት የሚወርድበት አገር ግን የሚቆሙበት ደጅ የለም።

ይህን ከማንም በፊት እኛ ማወቅ ነበረብን። በ1974፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ሌሊት፣ «ያለ ደም እንለውጣለን» ይል የነበረው ደርግ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። አገር በማግስቱ ከሬዲዮ ሰማ። ያኔም «የጌቶች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይነካንም» ያለ ብዙ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቀይ ሽብር መጣና ተራው የተማሪና የቀበሌ ነዋሪ ሆነ።

እዚህም ነገሩ በአንድ ሌሊት አልመጣም። ከግድያው አንድ ወር ቀደም ብሎ በኢየሩሳሌም ሰልፍ ላይ የራቢን ፎቶግራፍ በናዚ የጦር ልብስ ተሠርቶ ታይቷል፤ «ከሃዲ» እየተባለ ተጮኸባቸው። ልዩነቱ፣ እዚህ ገዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ1996 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ የሻምጋር ኮሚሽንም የጠባቂዎቹን ጥፋት መርምሮ አወጣ። የአክሊሉን ገዳዮች ያኔ ማን ጠየቃቸው?

ራቢንን ውደዱ አንላችሁም፤ ፓርቲያቸውንም ምረጡ አላልንም። ልጅ «እማዬ፣ ለምን ገደሉት?» ብሎ ሲጠይቅ ግን «አያገባንም» ብላችሁ አትመልሱለት። ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሲጠራም እንሂድ። ከ17 ቀን በኋላ፣ በዚያው በሄሽቫን በ29፣ ስግድ ነው፤ የልጆቻችንን መምህራንና ጎረቤቶቻችንን ኑልን ብለን የምንጠራው እኛው ነን።