ሥዕሉ ቀለም ሳይቀባ ለአባቶች ይታይ

በየዓመቱ ስግድ ሲቃረብ በልጆች ጋን (የጠላውን ጋን ማለቴ አይደለም) እና በትምህርት ቤቶች ስለ እኛ ማኅበረሰብ የሚናገሩ ሥዕሎች ይሰቀላሉ፣ የሥዕል መጻሕፍትም ይነበባሉ። ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው። ሥዕሎቹን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ግን የሚቆረቁሩ ነገሮች አሉባቸው። ኦሪቱ እዚህ አገር ምኩራብ ውስጥ እንዳለው ጥቅል ሆኖ ይሳላል። ቄሶቻችን ይዘውት የኖሩት ኦሪት እኮ በብራና ላይ በግዕዝ የተጻፈ፣ ቅጠሉ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ነው። አያትየዋ የለበሱት ቀሚስ ደረቱ ላይ መስቀል የተጠለፈበት ሆኖ ይገኛል፤ ሠዓሊው ኢንተርኔት ላይ የሐበሻ ቀሚስ ብሎ ፈልጎ መጀመሪያ የመጣለትን ነው የወሰደው። ወደ ሱዳን የሚጓዙት ሰዎች ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፊ መንገድ፣ ተሰልፈው ሲሄዱ ይታያሉ። ቀን ተደብቆ ሌሊት የተጓዘ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይላል?

ነገሩ የሥዕል ማማር ብቻ አይደለም። በዚያ መንገድና በሱዳን ካምፖች የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ በሄርዝል ተራራም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ዛሬ የአምስት ዓመት ልጅ ስለ እነሱ መጀመሪያ የሚያውቀው ከሥዕል ነው፤ ጽሑፉን ገና ማንበብ አይችልም። ያየው ሥዕል የቀን ሽርሽር ከመሰለ፣ ሲያድግም ጉዞው በልቡ እንደዚያው ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሥዕሉ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል፤ መቼ ገብቶ መናገር እንደሚቻል የሚታወቀው ከዚያ ነው። ሠዓሊው ታሪኩን ካነበበ በኋላ በመጀመሪያ የክብሪት ሳጥን የሚያክሉ ትንንሽ ንድፎች በእርሳስ ይሞነጫጭራል። ማን የት ይቆማል፣ ተራራው በየት በኩል ይሆናል፣ ጽሑፉ የት ይገባል፣ ይሄን ሁሉ የሚወስነው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ የመረጠውን አንዱን አስፍቶ፣ አሁንም በእርሳስ፣ ፊቱን፣ ልብሱን፣ የበቅሎውን ጭነት ሳይቀር ይነድፋል። ይህ ንድፍ ለአሳታሚው ይላካል። አሳታሚው እሺ ካለ በስካነር ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ኢንች 300 ወይም 600 ነጥብ አድርገው ነው የሚያስገቡት። ወረቀት ትተው ገና ከጅምሩ በታብሌት ላይ የሚነድፉም ብዙ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ቀለሙ የሚገባው በፎቶሾፕ ወይም በፕሮክሪዬት ነው። እዚያ ሥዕሉ አንድ ወረቀት አይደለም፤ ስስ ነጠላ በነጠላ ላይ እንደ መደረብ ነው። መስመሩ በአንዱ ነጠላ፣ ከሥሩ ደማቁ ቀለም በሌላው፣ ጥላው በሦስተኛው፣ የፀሐዩ ወይም የጨረቃው ብርሃን በአራተኛው ይሆናል። የታችኛው በላይኛው በኩል ይታያል፤ አንዱን ነክቶ ሌላውን አለመንካት ይቻላል።

እንግዲህ «ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ምን ችግር አለው፣ ሲሳሳቱ ያርሙታል» የሚል ይኖራል። ከፊሉ እውነት ነው። የጥለቱን ቀለም ከቀይ ወደ ሰማያዊ ለመለወጥ ደቂቃ አይፈጅም። ጥቅሉን ኦሪት ወደ ሚገለጥ መጽሐፍ ለመለወጥ ግን የቄሱ እጅ አያያዝ ይለወጣል፣ እጁ ሲለወጥ ትከሻው፣ ከዚያ ጥላው። ቀኑን ሌሊት ለማድረግማ የእያንዳንዱ ሰው ብርሃን እንደገና ይሠራል። ሸክላ ስትሠሩ የነበራችሁ እናቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጭቃው እርጥብ እያለ የእንስራውን ጆሮ ነቅሎ ሌላ ቦታ መለጠፍ ይቻላል። ከተተኮሰ በኋላ ያለው ምርጫ እንዳለ መጠቀም ወይም መስበር ነው። አሳታሚ ደግሞ የከፈለበትን አይሰብርም፤ «ለሚቀጥለው እትም እናስተካክላለን» ብሎ ያልፈዋል።

የቆዳ ቀለም ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። በአማርኛ ቀይ እንላለን፣ የቀይ ዳማ እንላለን፣ ጠይም እንላለን፣ ጥቁር እንላለን፤ ከአንድ እናት የተወለዱ እህትማማቾች እንኳን ይለያያሉ። ብዙ መጻሕፍት ላይ ግን ሠዓሊው አንድ ቡኒ ይመርጥና ሕፃኑንም ሽማግሌውንም በእሱ ይሞላዋል። ጥላውን ሲሠራ በዚያ ላይ ጥቁር ወይም ግራጫ ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሥራውን የሚያውቁት በጥላው ውስጥ ቀላ ያለ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ይጨምራሉ፤ ፊቱም ሕይወት ያገኛል። ሌላም አለ። የኮምፒውተሩ ገጽ ራሱ ብርሃን ይሰጣል፤ ማተሚያ ቤቱ ግን በአራት ቀለም ወረቀት ላይ ነው የሚያትመው። ስለዚህ ገጹ ላይ ያማረው ጠይም ፊት ወረቀት ላይ ጠቁሮ ዓይንና አፉ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ገጽ አስቀድሞ ለሙከራ አሳትሞ ማየት ብዙ ወጪ አይደለም፤ ልጆቻችን ራሳቸውን የሚያዩበት ፊት ነውና መደረግ አለበት ባይ ነኝ።

የእኔ ጥያቄ ለአሳታሚዎችም ለእናንተም ነው። አሳታሚዎች የእርሳሱን ንድፍ ቀለም ከመግባቱ በፊት ለሽማግሌዎች ያሳዩ። ለአንድ ሰው ብቻ አሳይቶ መጨረስም አይሆንም፤ የጎንደር ዙሪያ ሰው የሚያስታውሰው የሣር ክዳን ጎጆ ነው፣ ከትግራይ የመጣው የድንጋይ ቤት ያስታውሳል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። መጽሐፉ ስለ የትኛው ሰፈር እንደሚያወራ ከታወቀ የዚያን አገር ሰው መጠየቅ ነው። ለሙያው የሚከፈል ከሆነ ለሽማግሌው ጊዜም ይከፈል፤ ስማቸውም ከሠዓሊው ስም ቀጥሎ ይጻፍ። «ሠዓሊ ፎቶ አንሺ አይደለም፣ ነፃነት ያስፈልገዋል» የሚሉ ወጣት ሠዓሊዎችን አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ተራራውን ወይን ጠጅ ያድርጉት፣ በቅሎዋን ያስቁዋት፤ የእናቶችን ደረት ላይ መስቀል መሳል ግን ነፃነት ሳይሆን ሳይጠይቁ መቅረት ነው።

ለእናንተ ደግሞ፣ አባቶችና እናቶች፣ በይሉኝታ አትለፉን። እዚህ አገር የተወለድን ልጆች ሥዕል ይዘን ስንመጣ «ቆንጆ ነው፣ ተባረኩ» ብላችሁ ትሸኙናላችሁ፤ ከወጣን በኋላ እርስ በርስ «ይሄማ እንዲህ አልነበረም» ትባባላላችሁ። ያቺ ሁለተኛዋ ንግግር ናት የምትፈለገው። ሴቶች ስግድ ላይ ድንጋዩን እንዴት ተሸክመው ወደ ተራራው እንደወጡ፣ ውሃው በምን እንደተያዘ፣ ሕፃኑ እንዳያለቅስ ምን እንደተደረገ፣ ይሄ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። ንድፉንም በስልክ አትቀበሉ፤ በስልክ የተላከ ሥዕል የበቅሎዋን ጭነት አያሳይም። በትልቅ ወረቀት ታትሞ፣ ከእርሳስና ከላጲስ ጋር ጠረጴዛችሁ ላይ ይምጣ፤ የተሳሳተውን በእጃችሁ አክብቡበት።